እያረረ የሚስቅ ማሽላ

ልጄ፣

ባለፈው አረፋ ቢዮ አዋሌ፣ እናትህ ቤት ስንገናኝ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ሰው በተሰበሰበበት የሚነገር አልነበረም፤ አንተም ሳይመሽ ወደ ድሬዳዋ ለመውረድ ቸኩለህ ነበር። በስልክ ልነግርህ አሰብኩና «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚሉት ትዝ ቢለኝ ጻፍኩልህ። አንብበህ ስትጨርስ ለጓደኞችህም አንብብላቸው፤ ወላጅ ያለው ሁሉ ይስማው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥጋው ቀርቦ ማንም ሳይቀምሰው የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለህ ለእናትህ አጎረስክ። ደግ አደረግክ። እሳቸውም ጎርሰው መረቁህ። አንተ ለጎረቤት ሳህን ልታቀብል ዞር ስትል ግን ጉርሻውን ከጉንጫቸው አወጡና በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሩት። ከዚያ ሻይ አስደገሙ። ዐይናችን ሲገጣጠም ፈገግ አሉልኝ። ማታ ቤቱ ጭር ሲል «እህቴ፣ ምነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። መንጋጋቸው ከታመመ ሁለት ክረምት አልፏል፤ በቀኝ በኩል ማኘክ ከተዉ ቆይተዋል። «ልጄ ሥራ አለው፣ አታስጨንቀው» አሉኝ። እንድነግርህ የፈቀዱልኝ ብዙ ከለመንኳቸው በኋላ ነው።

«ማሽላ እያረረ ይስቃል» ይላል ያገራችን ሰው። ቢዮ አዋሌ የማሽላ አገር ናት፤ ይህን ተረት ከምጣዱ ዳር ተቀምጠን ነው የተማርነው። ምጣዱ ሲግል ፍሬው ይንጣጣና ነጭ ሆኖ ይፈነዳል፤ ላየው ሰው የሚስቅ ይመስላል። የብዙ ሽማግሌና የብዙ አሮጊት አፍም እንዲሁ ነው። ከላይ ፈገግታ፣ ከሥር ቃጠሎ። አብሮ የሚኖር ሰው ካላየው በቀር ማንም አያውቀውም።

እኔ በዚህ አካባቢ ገጠር ድሬሰር ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ሠርቻለሁ። ሰው «በሥራው ጥርሱን የነቀለ ነው» ብሎ ሲያመሰግነኝ የነቀልኳቸውን የሰው ጥርሶች አስባለሁ። አገጩን በጨርቅ አስሮ ለመጣ ሁሉ የነበረኝ መፍትሔ ጉጠት ነበር። ሊድን ይችል የነበረ ጥርስ ነቅዬ፣ «ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ነው» ብዬ የሸኘሁት ሰው ጥቂት አይደለም። ያን ቃል መመለስ ብችል በወደድኩ፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስለዚህ በቀረኝ ዕድሜ ማረሚያውን እናገራለሁ፦ ዕድሜ ጥርስ አይነቅልም።

ጥርስን የሚነቅለው ሳይጠረግ የሚያድረው ቆሻሻ ነው። በውስጡ ያሉት ተሕዋስያን ስኳር ሲያገኙ አሲድ ይሠራሉ፤ አሲዱ ጥርሱን ይቦረቡረዋል። ያው ቆሻሻ በድዱ ጠርዝ ሲከርም እንደ ጠጠር ይደርቃል፤ ድዱ ያብጣል፣ ይደማል፣ ከጥርሱ ይሸሻል። ጥርሱን አቅፎ የያዘው አጥንት ከሥር እየተበላ ሲሄድ ጥርሱ እንደ ላላ ችካል ይነቃነቃል። ድድ ሲሸሽ የሚገለጠው የጥርስ ሥር ደግሞ እንደ ላይኛው ክፍል ጠንካራ ሽፋን ስለሌለው ቶሎ ይበላል። ምራቅም አለ። ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫል፤ ምራቅ አፍን ያጥባል፣ አሲድን ያበርዳል። በስተርጅና የምንውጣቸው ብዙ መድኃኒቶች፣ የደም ግፊት መድኃኒቶችም ጭምር፣ ምራቅን ያሳንሳሉ። ኒፌዲፒንና አምሎዲፒን የሚባሉት የግፊት መድኃኒቶች በአንዳንድ ሰው ላይ ድድ ያሳብጣሉ። ስኳር በሽታና የድድ በሽታም አንዱ ሌላውን ያባብሳል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ጠቅልለን «ዕድሜ ነው» ማለት በሽታውን በስሙ አለመጥራት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች 23 በመቶው አንድም ጥርስ የላቸውም። ብዙ ነው። ግን የጃፓንን ነገር ስማ። ጃፓኖች በ1989 እ.ኤ.አ. «በ80 ዓመት 20 ጥርስ» የሚል ዘመቻ ጀመሩ። ከ32ቱ ጥርስ 20ው ከቀረ ሰው የፈለገውን ምግብ ከሞላ ጎደል ማኘክ ይችላል ብለው ነው። ሲጀምሩ ሕልም ይመስል ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ሲቆጠር 80 ከደረሱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 20 ጥርስና ከዚያ በላይ ይዘው ተገኙ። የእነሱም ጥርስ ከብረት የተሠራ አይደለም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የምንለውን በተግባር አሳዩን።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት ይለያያል፤ ጥርሳቸውም የሚጎዳው እንደ ቤቱ ነው።

የመጀመሪያው እንደ እናትህ ብቻውን የሚኖር ሰው ቤት ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በድሬዳዋ አስተዳደር ከተቆጠረው 341,834 ሰው 233,224ቱ የከተማ ነዋሪ ነበር። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ይወርዳል፤ እናትና አባት ከማሽላው፣ ከጫቱና ከፍየሎቹ ጋር ይቀራሉ። ብቻውን የሚበላ ሰው ማኘክ ሲያቅተው ማንም አያይበትም። መጀመሪያ ሥጋውን ይተዋል፣ ቀጥሎ ቆሎውን፣ ቀጥሎ ጎመኑን። በመጨረሻ ቀኑን በሻይና በሻይ ውስጥ በራሰ ቂጣ ይገፋል። ሰውነቱ ይከሳል፣ ጉልበቱ ይዝላል፤ የሻዩ ስኳር ደግሞ የቀሩትን ጥርሶች ይጨርሳል።

እኛ ጠያቂዎቹስ ምን እናደርጋለን? ስኳር ይዘን እንሄዳለን! ልማዳችን ነው፣ ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው። ግን ልጄ፣ ጥርሱ ለሚታመም ሰው ኪሎ ስኳር ተሸክሞ መሄድ እሳት ላይ ጭራሮ መጨመር ነው። ከእንግዲህ ለእናትህ እንቁላል ውሰድላቸው፣ ወተት፣ ሙዝ፣ የበሰለ ፓፓያ ውሰድላቸው። ኮልጌት የምንለውን የጥርስ ሳሙና ውሰድ፤ ፍሎራይድ ያለበት መሆኑን ማሸጊያው ላይ አይተህ ግዛ። ለስላሳ ቡሩሽ ጨምርበት። ሥጋ ከወሰድክም አድቅቀህ ከትፈህ፣ በደንብ አብስለህ አቅርብ።

ደግሞም ጠይቃቸው። «እንዴት ነዎት?» ብትላቸው «አልሐምዱሊላህ» ነው የሚሉህ፤ ከዚያ በላይ አይነግሩህም። «በየትኛው በኩል ነው የሚያኝኩት? ሲያጸዱ ድድዎ ይደማል? ሌሊት አፍዎ ይደርቃል?» በላቸው። ከዚያ ፈቃዳቸውን ጠይቀህ፣ እጅህን ታጥበህ፣ ፀሐይ ወዳለበት ደጃፍ አውጥተህ አፋቸውን እይ። ጉንጭንም፣ ምላስ ሥርንም። ልጅ ሳለህ ጥርስህ ሲወልቅ ያዩልህ እሳቸው ናቸው። አንተ በማትኖርበት ቀን የጎረቤት ልጅ ትይላቸው፤ ወደ ቤት የምትመጣው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም የእግር ቁስል እንደምታይ ሁሉ አፋቸውን እንድታይ ንገራት።

ሁለተኛው ከልጅ ጋር ከተማ የሚኖር አረጋዊ ቤት ነው። አንድ ቀን እናትህን ወደ ድሬ ታመጣቸው ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሁሉም የተስተካከለ እንዳይመስልህ። የድሬ ሙቀት ያስጠማል፤ ፍሪጁ ውስጥ ለስላሳ አለ፣ ልጆቹ ብስኩት ይዘው ይመጣሉ። ለቤቱ ሰው ሁሉ ቡሩሽ ሲገዛ አያት ይረሳሉ። ብዙ ቤት ደግሞ ሌላ ጉዳት አይቻለሁ። አረጋዊው ሲያኝክ ይቆያል፣ ምግብ ከአፉ ይወድቅበታል፣ ያፍራል፤ «ቆይ፣ እኔ በኋላ እበላለሁ» ይላል። ቤተሰቡም ይለምደዋል። ቀስ በቀስ ለብቻው ሳህን፣ ለብቻው ጥግ ይሰጠዋል። ጥርሱን ያጣ ሰው ገበታውን ደግሞ አጣ ማለት ነው። አንተ እንዲህ አታድርግ። ወጡን ለሁሉም በሚላመጥ ልክ አብስል፤ ልጆቹ ሽማግሌ እስኪጨርስ መጠበቅን ይማሩ።

ሰው ሠራሽ ጥርስ ካሠራህላቸው ሥራው የተጀመረ እንጂ ያለቀ አይደለም። ከቆረቆራቸው በመሐረብ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ እንዳያስቀምጡት፤ መልሰህ ውሰድና ይስተካከል። ማታ ማታ ይወልቃል፣ በቡሩሽና በሳሙና ይታጠባል፣ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ያድራል። የፈላ ውኃ ቅርጹን ያጣምመዋልና አታስነካው። አንድም ጥርስ የሌለው ሰው እንኳ ድዱንና ምላሱን በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ አለበት።

ሦስተኛው አልጋ ላይ የዋለ ሰው ቤት ነው። እዚህ ላይ ቆም በልና ስማኝ፤ ጉዳዩ የሞትና የሕይወት ነው። መዋጥ የደከመው ሰው ምራቁና የምግብ ፍርፋሪው ወደ ሳንባው ይወርዳል። አፉ ካልጸዳ ከዚያ ጋር ተሕዋስያኑም ይወርዳሉ፣ የሳንባ ምች ያስነሣሉ። በጃፓን ዮኔያማ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ11 የአረጋውያን መኖሪያዎች ለሁለት ዓመት የተከታተሉትን በ1999 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። አፋቸው በሥርዓት ሲጸዳላቸው ከነበሩት አረጋውያን የሳንባ ምች የያዛቸው 11 በመቶው ሲሆኑ፣ እንዲያ ካልተደረገላቸው ግን 19 በመቶው ታመዋል። ዋናው ልዩነት ከምግብ በኋላ በቡሩሽ ማጽዳት ነበር። ይህ በቢዮ አዋሌም በማንኛውም ጎጆ ይቻላል።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ሰውየውን ደገፍ አድርገህ አስቀምጠው፤ መቀመጥ ካቃተው በጎኑ አስተኛው። ቡሩሹን እርጥብ አድርገው እንጂ ውኃ አታፍስስበት። የጥርስ ሳሙናው ጥቂት ብትሆን ትበቃለች። ጥርሱን፣ ድዱን፣ ምላሱን በዝግታ አጽዳ፤ ጉንጩ ውስጥ የቀረ ምግብ አለመኖሩን እይ፤ በተለይ ግማሽ አካሉን የመታው ሰው በዚያ በኩል የቀረው አይሰማውም። የደረቀ ከንፈሩን ቫዝሊን ቀባው። አእምሮው የዘነጋ አረጋዊ ጥርሱን ግጥም አድርጎ ይይዝብህ፣ እጅህንም ሊነክስ ይችል ይሆናል። «ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት» የሚባለው እዚህ ነው። አትታገለው። ትተህ ቆይተህ ተመለስ፤ በሚወደው ዜማ ወይም በዱኣ ጀምርለት፤ የራሱን እጅ ከቡሩሹ ጋር ይዘህ አለማምደው። ይህን ሥራ ለአንዲት ልጅ ወይም ለአንዲት ምራት ብቻ አትጣሉባት። ወንዶቹም ተረኛ ሁኑ።

አራተኛው የመርጃ ማዕከል ነው። አዲስ አበባ ያለው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልን የመሰሉ ቤቶች ጧሪ ያጣውን አንስተው፣ አጥበው፣ አብልተው ይይዛሉ። አላህ ይስጣቸው። ግን በእንዲህ ያለ ቤት የሚጸዳው አፍ ብዙ፣ የሚያጸዳው እጅ ጥቂት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። በበዓል ቀን ሠንጋ ይዘን የምንሄድ ሰዎች ስንቱ ያኝከዋል ብለን እንጠይቅ። ሠንጋው መልካም ነው፤ የየሰው ስም የተጻፈበት ቡሩሽ፣ የጥርስ ሳሙና፣ አንድ ቅዳሜ የሚያገለግል እጅ ይጨመርበት። የጥርስ ሐኪም የሆነ ዘመድ ያለው ደግሞ እሱን ይዞ ይሂድ።

ለአራቱም ቤት የሚሆን ጥቂት ልጨምርልህ። መፋቂያችንን አትናቁ። ወይራውም ሆነ ሶማሌዎች አደይ የሚሉት በአግባቡ ከተያዘ ጥሩ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ1986 እ.ኤ.አ. ልማዱ ባለበት አገር እንዲቀጥል መክሯል። አያያዙን ግን ብዙዎቻችን እናበላሸዋለን። ከፊት ያሉትን ጥርሶች ብቻ ፍቀን እንተወዋለን፤ መንጋጋውና የጥርሱ የውስጥ ገጽታ ይቀራል። ጫፉን አኝከህ እንደ ቡሩሽ አለስልሰው፤ ማኘክ ላቃተው አረጋዊ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ቀጥቅጥለት። ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ እንጂ ወደ ጎን አትገዝግዝ። ያረጀውን ጫፍ ቁረጥና አዲስ አውጣ። ማታ ከመተኛት በፊት ደግሞ የጥርስ ሳሙናውን ጨምር፤ የመኝታው ጽዳት ከሁሉም ይበልጣል። በረመዳን ከፍጥር በኋላና ከሱሑር በኋላ አድርጉት።

ስለ ጫትም ዝም አልልም፤ በርጫ ላይ ያደግን ሰዎች ነንና። ጫት ለሰዓታት በአንድ ጉንጭ ሲያዝ ያ በኩል ድዱ ይሸሻል፣ ሥጋው ነጭ እየሆነ ይሻክራል። አፍ ያደርቃል፤ ድርቀቱን ለማራስ ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ እንደራርብበታለን። እኩዮቼ ጥርሳቸው አልቆ ጫቱን በሙቀጫ አስወቅጠው ሲወስዱ አያለሁ፤ ያሳዝነኛል። መተው የሚችል ይተው። ያልቻለ ፀረ ተባይ ተረጭቶበት ሊሆን ስለሚችል ቅጠሉን ይጠብ፣ በጣፋጩ ፈንታ ውኃ ይጠጣ፣ ሲጨርስ አፉን አጽድቶ ይተኛ።

ወደ ሐኪም መቼ ይኬዳል? «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ።» ድድ ሲደማ፣ ጥርስ ቀዝቃዛ ሲነካው ሲያም፣ ያኔ ነው። ፊት አብጦ ትኩሳት ከተነሣ ወይም መዋጥ ከከለከለ በዚያው ቀን ሂዱ፤ ሌሊቱን አትጠብቁ። አፍ ውስጥ ሁለት ሳምንት አልፎት ያልዳነ ቁስል ወይም ነጭ ወይም ቀይ ምልክት ካለ ባያምም አሳዩት፤ ካንሰር ሲጀምር አያምም ይሆናል። ቅርንፉድ ሕመሙን ያደነዝዛል እንጂ ጥርሱን አያድንም፤ አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ሥጋውን ያቃጥላል። ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ደም የሚያቀጥን ካለበት ሐኪሙ ሳይነቅል ሊያውቀው ይገባል። «ይነቀል» ከተባላችሁ «ሊሞላ ወይም ሊታከም አይችልም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ጉጠት በያዝኩበት ዘመን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

እናንተም ይህ ሲነበብ የምትሰሙ እኩዮቼ ሆይ፣ አንድ ቃል ላክልላችሁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን ስንቱን የመከርን እኛ ነን። ልጆቻችን ሥራ አላቸው፣ ልክ ነው። ግን ሕመማችንን ስንደብቅ ከድካም አናሳርፋቸውም፤ ነገ በጣም ታመን ስንወድቅ ሸክሙን አብዝተን እናቆይላቸዋለን። ስትታመሙ ተናገሩ። ልጅ ወላጁን መርዳት ምርቃት የሚያገኝበት በር ነው፤ በሩን አንዝጋባቸው።

ልጄ፣ ደብዳቤዬን ልቋጭ። ያ በሻሽ ጫፍ የተቋጠረው ጉርሻ የት ደረሰ ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። እናትህ አልጣሉትም፣ ለድመትም አልሰጡትም። ከሄድክ በኋላ፣ ጨለማ ሲይዝ፣ ሙቀጫቸውን አቀረቡ፤ ሥጋውን በጣታቸው በጣጥሰው በዝግታ ወቀጡት፣ ከማሽላ ገንፏቸው ጋር ለውሰው በሉት። «ልጄ ያጎረሰኝን እንዴት እጥላለሁ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ የሙቀጫው ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም። ለሚመጣው ጁምዓ ወደ ቢዮ አዋሌ ውጣና አፋቸውን እይ፤ ከዚያ ይዘሃቸው ወደ ጥርስ ሐኪም ውረድ። ጉርሻውን ከዚያ በኋላ ታጎርሳቸዋለህ። ጥርስና ከንፈር ሲደጋገፍ ያምራል። ጥርሳቸው ሲደክም አንተ ከንፈር ሁናቸው። ላንተም በተራህ የሚደግፍህን አላህ ይስጥህ። አሚን።